አስጠና ወይስ አስኮረጀ? በቶሮንቶ በአንድ የጥናት ቡድን ላይ የቀረበ ክስ

እ.ኤ.አ. በማርች 2008 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በራየርሰን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ፋኩልቲ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ፊት የቀረበ አንድ የ18 ዓመት ተማሪ 147 ክሶች ነበሩበት። የመጀመሪያው ክስ በፌስቡክ ላይ የተከፈተ የኬሚስትሪ ጥናት ቡድን አስተዳድሯል የሚል ነው። የቀሩት 146 ክሶች ደግሞ በቡድኑ ውስጥ ለተመዘገቡት ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ተደርገው የተቆጠሩ ናቸው። ተከሳሹ የኮምፒውተር ምህንድስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ክሱ ከጸናበትም ከዩኒቨርሲቲው ሊባረር ይችል ነበር። ስሙ በወቅቱ በብዙ ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተነግሯል፤ ለምንነጋገርበት ነገር ስለማይጠቅም ግን እዚህ አልጠቅሰውም። ዩኒቨርሲቲው ራሱም ከ2022 ጀምሮ ቶሮንቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ2007 የመጨረሻ ወራት፣ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በተሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርት ከጠቅላላው ውጤት 10 በመቶ የሚይዙ የቤት ሥራዎች ነበሩ። መምህሩ ተማሪዎቹ ጥያቄዎቹን ለየብቻቸው እንዲሠሩ አዝዘዋል፤ ጥያቄዎቹም ከተማሪ ተማሪ በመጠኑ እየተለወጡ ይደርሱ ስለነበር የአንዱ መልስ ለሌላው እንዳለ አያገለግልም ነበር። ተማሪዎቹ በበኩላቸው በፌስቡክ ላይ ይገናኙ ነበር። የቡድናቸው ስም የተወሰደው በዩኒቨርሲቲው ከምድር በታች ከሚገኝና እነርሱ «ደንጀን» እያሉ ከሚጠሩት፣ ተሰብስበው ከሚያጠኑበት ክፍል ነው። መምህሩ ቡድኑ መኖሩን ያወቁት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በበዓል ዕረፍት ወቅት ሲሆን፣ ተማሪው አግኝቶት የነበረውን ቢ ወደ ኤፍ ለውጠው ጉዳዩን ለዲሲፕሊን አቀረቡት፤ እንዲባረርም ሐሳብ ሰጡ።

ጋዜጦቹ ታሪኩን የፌስቡክ ታሪክ አደረጉት። ለዚህ የሚወቀሱ አይመስለኝም፤ ፌስቡክ ለማንኛውም ሰው ክፍት ከሆነ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር፣ ነገሩም በተማሪዎችና በመምህራን መካከል የትውልድ ጠብ ተደርጎ ለመተረክ የተመቸ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ምላሽ ግን ቀጥተኛ ነበር፤ ለብቻ እንዲሠራ የታዘዘን ሥራ በጋራ መሥራት፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን፣ ደንብ መጣስ ነው የሚል። በዚህ ነጥብ ላይ እኔም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነኝ። ነገር ግን ክርክሩ በዚህ አያልቅም፤ ቡድኑ በደንቡ የተከለከለውን ነገር ፈጽሟል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

ለዚህ ክርክር አማርኛ ሁለት የሚመቹ ግሦች አሉት፤ አስጠና እና አስኮረጀ። ሁለቱም አስደራጊ ግሦች ናቸው፤ አንድ ሰው ሌላው ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ማስቻሉን ይናገራሉ። ልዩነታቸው ያለው ሁለተኛው ሰው በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። እንዲያጠና የታገዘው ሰው ካላጠና አስጠና ማለት አይቻልም፤ የኮረጀ ሰው በሌለበትም አስኮራጅ የለም። እንግዲህ የሰጪው ድርጊት ስሙን የሚያገኘው ከተቀባዩ ድርጊት ከሆነ፣ ተቀባዩ የወሰደውን ነገር ምን እንዳደረገበት ሳይጣራ ሰጪውን ከሁለቱ በአንዱ ስም መጥራት ፍርድን ማስቀደም ነው። የቶሮንቶው ክስ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። 146 ሰዎች አባል መሆናቸውን ይቆጥራል፤ 146 ሰዎች መኮረጃቸውን ግን አያሳይም። በእንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ በየቀኑ የሚጽፍ አለ፣ አንድ ጊዜ ጠይቆ የተወ አለ፣ ጓደኛው ስለጋበዘው ብቻ ስሙን አስመዝግቦ ተመልሶ ያልገባም አለ። የእነዚህን ሁሉ ስም ደምሮ በአንድ ሰው ላይ መጫን ክሱን ከማሳበጥ በቀር ስለ ድርጊቱ የሚጨምረው ዕውቀት የለም።

ተማሪው ያቀረበው መከላከያ በከፊል ጠንካራ ነበር። በቡድኑ የተደረገው ነገር፣ አለ፣ በምድር ቤቱ ክፍል ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ከሚያደርጉት የተለየ አይደለም፤ ይህ ማታለል ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚያዘጋጀው የአስጠኚነትና የመካሪነት አገልግሎትም ማታለል ሊባል ነው። ይህን መከራከሪያ በቀላሉ መጣል አይቻልም። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ተጋግዛችሁ አጥኑ እያለ ይመክራል፤ መካሪው ግን መጋገዝ እስከየት ድረስ እንደሆነ የሚናገረው እምብዛም ነው፣ ተማሪው ድንበሩን የሚያውቀው አልፎት ሲከሰስ ነው።

ይሁን እንጂ መከላከያው የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። የቡድኑ መግቢያ ጽሑፍ የሚቀላቀሉትን ተማሪዎች ስለ ቤት ሥራዎቹ መልሶች እንዲወያዩና ያልተለጠፉ መልሶች ካሏቸውም እንዲለጥፉ ይጋብዝ ነበር። ተማሪዎቹ ሙሉ መልስ ተለጥፎ አያውቅም፣ የተደረገው ፍንጭና ማብራሪያ መለዋወጥ ብቻ ነው ብለዋል፤ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግብዣው ግን ግብዣ ነው። መልስ አምጡ ብሎ በሩ ላይ የጻፈ ሰው፣ የመጣው ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ስለመጣ ብቻ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ሥራው ለየብቻ እንዲሠራ መታዘዙን እያወቀ ያንን ግብዣ በሩ ላይ ያቆየ አስተዳዳሪ ደንቡን ለማክበር ጥረት አድርጓል ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክስ፣ ማለትም ቡድኑን በዚያ መልኩ ማስተዳደሩ፣ መሠረት ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ መሠረት ያጡት 146ቱ ናቸው።

የምድር ቤቱ ክፍልና የፌስቡክ ገጹ አንድ ናቸው የሚለውም አባባል ቀረብ ብለው ሲያዩት ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀው ግን ዩኒቨርሲቲው ባለው በኩል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው መሣሪያው ለውጥ አያመጣም ብሏል፣ ተማሪውም እንዲሁ፤ ሁለቱ ተቃራኒ ወገኖች በዚህ ነጥብ መስማማታቸው ይገርማል፣ ምክንያቱም ለውጥ ያመጣል። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠው አንዱ ሲጠይቅ፣ የሚያውቀው ጓደኛው ፊቱን እያየ የት ላይ እንደቆመ ይጠይቀዋል፤ ጠያቂው ያልሞከረ እንደሆነ ወዲያው ይታወቅበታል፣ ትንሽም ያፍራል። ማብራሪያው የሚመጠነው በጠያቂው ችግር ልክ ነው፤ ተነግሮም ያልፋል። በገጹ ላይ የተጻፈ ማብራሪያ ግን ከጠያቂው ሌላ 145 ሰዎች ይጠብቁታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጥያቄውን ገና ገልጦ ያላየው፣ የሚቸግረው መሆኑንም ያላወቀው ይኖራል። ለአንዱ የመጨረሻ እርዳታ የሆነው ጽሑፍ ለሌላው የመጀመሪያና ብቸኛ ሥራው ይሆናል። ጽሑፉ ስለማይጠፋም በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ለሚወስዱት ይተርፋል። ጸሐፊው ማን እንደሚያነበው አያይም፤ ስለዚህ እያስጠና ይሁን እያስኮረጀ ራሱም ማወቅ አይችልም። እዚህ ላይ ሰጪው የሚሸከመው ኃላፊነት አለ፤ ያስኮረጀ ባይሆን እንኳ አስኮራጅ ላለመሆን ሊወስደው የሚገባውን ጥንቃቄ አልወሰደም።

በየተማሪው ጥያቄ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች መለያየትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መምህሩ ጥያቄዎቹን ከተማሪ ተማሪ በማለዋወጣቸው መልስ መገልበጥን በተግባር አስቸጋሪ አድርገውታል፤ ይህም ማለት በቡድኑ ውስጥ ሊዘዋወር የሚችለው ዋናው ነገር ዘዴው ነበር፤ የትኛውን ቀመር መጠቀም፣ አሃዶቹን እንዴት መለወጥ፣ ከየት መጀመር። በኬሚስትሪ የቤት ሥራ ግን የሚመዘነው ዘዴው ራሱ አይደለምን? የእኔን ግራም ወደ ሞል የምለውጥበትን ስሌት አንድ በአንድ ያሳየኝ ሰው የቀረልኝን ሥራ በካልኩሌተር እንድጨርስ ብቻ ነው የተወልኝ። በሌላ በኩል ዘዴን ማስተማር ማስተማር ነው፤ ትምህርት ከዚህ ሌላ ምንም ስላልሆነ። ወሳኙ ነገር ተቀባዩ ከዚያ ማብራሪያ በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ያለ ረዳት መሥራት መቻሉ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያሳየው ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት የክፍል ፈተና እንጂ የፌስቡክ ገጽ አይደለም።

የቤት ሥራ ማስረከብ በአንድ መልኩ ምስክርነት መስጠት ነው። ለብቻ እንዲሠራ የታዘዘ ወረቀት ላይ ስሙን የሚጽፍ ተማሪ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ እያለ ነው፤ መምህሩ የሚያምኑትም፣ ነጥብ የሚሰጡትም ያንን ቃል ይዘው ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ጥፋቱ የእርዳታው መኖር ሳይሆን የእርዳታው መደበቅ ነው። አንድ ተማሪ ከሥራው ሥር «ሦስተኛውን ጥያቄ የጀመርኩት ጓደኛዬ መንገዱን ካሳየኝ በኋላ ነው» ብሎ ቢጽፍ መምህሩ ነጥብ ሊቀንሱበት ይችላሉ፤ ዋሽተሃል ሊሉት ግን አይችሉም። በቶሮንቶው ጉዳይ ይህን ምስክርነት በሐሰት የሰጠ ተማሪ ካለ፣ ጥፋተኛው በቅድሚያ ያ ተማሪ ነው፤ ክሱ ግን እርሱን በተከሳሽነት ሳይሆን በሌላ ሰው ክስ ውስጥ በቁጥርነት ነው ያስገባው።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ክፍል ብልግና ነው ብሎ ለማለፍ የሚከብደው በጥናት የታወቀ ስለሆነ ነው። በተማሪዎች ኩረጃ ላይ ጥናት ያደረጉት ዊልያም ባወርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዶናልድ ማኬብ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ዘጠኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያሰባሰቧቸው የተማሪዎች የራስ ምስክርነቶች ሲነጻጸሩ፣ ሳይፈቀድ በጽሑፍ ሥራ ላይ ተባብረናል ያሉት ተማሪዎች በ1963 ከነበሩበት 11 በመቶ በ1993 ወደ 49 በመቶ ደርሰዋል። ይህ የሆነው ፌስቡክ ከመፈጠሩ ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ማኬብ ከሊንዳ ትሬቪኖ ጋር በ1993 ባሳተሙት በ31 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ላይ የተደረገ ጥናትም፣ አንድ ተማሪ ለመኮረጁ ከሁሉ ይበልጥ የሚያያዘው ምክንያት እኩዮቹ ይኮርጃሉ ብሎ ማመኑ መሆኑን አግኝተዋል። 146 አባላት ያሉት ቡድን በዚህ ረገድ የሚያደርገው ነገር ግልጽ ነው፤ ማንም መልስ ባይወስድ እንኳ፣ ሁሉም እዚያ እንዳሉ ለሁሉም ያሳያል።

ከአራት ዓመት በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተከሰተው ነገር ለንጽጽር ይረዳል። በ2012 ጸደይ ስለ አሜሪካ ኮንግረስ በተሰጠ የመግቢያ ትምህርት 279 ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር፤ የማጠቃለያ ፈተናው ወደ ቤት የሚወሰድ ሲሆን መጽሐፍ፣ ማስታወሻና ኢንተርኔት መጠቀም ተፈቅዶ ከሌላ ሰው ጋር መወያየት ግን ተከልክሎ ነበር። ወደ 125 የሚሆኑ ተማሪዎች ወረቀት ተመሳስሎ ተገኘ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የተመሳሰለው አብረን ስለተዋስነው የማስታወሻ ደብተር ነው፣ ሌሎቹም ረዳት መምህራን ራሳቸው ጥያቄውን አብራርተውልናል አሉ። ዩኒቨርሲቲው የእያንዳንዱን ተማሪ ጉዳይ ለየብቻ መረመረ፤ ይህም ወራት ፈጀ፣ ለተጠባባቂዎቹም ሥቃይ እንደነበረ አያጠራጥርም። በፌብሩዋሪ 2013 ውጤቱ ሲነገር ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጉዳዮች ተማሪዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው እንዲወጡ ተወስኖ ነበር፤ ከቀሩት ግማሽ ያህሉ ማስጠንቀቂያ አዘል የክትትል ቅጣት ሲደርስባቸው ሌሎቹ ምንም አልተደረጉም። በአንድ ፈተና፣ በአንድ መመሪያ፣ በአንድ ዓይነት ጥርጣሬ የተጀመረው ምርመራ ሦስት ዓይነት ፍርድ መስጠቱን ልብ ይሏል። ሰው በሰው የታየ ነገር እንዲህ ይለያያል፤ በጅምላ የተቆጠረ ግን አንድ መልክ ብቻ ይኖረዋል።

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ፣ ኮሚቴው ተማሪው እንዳይባረር ወሰነ። 10 በመቶ ለሚይዙት የቤት ሥራዎች ዜሮ እንዲያገኝና ስለ ትምህርታዊ ሐቀኝነት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ እንዲገኝ አደረገው፤ ትምህርቱን ግን አለፈ። በእኔ አስተያየት ኮሚቴው የመዘነው በትክክል ነው፤ ለዚህም ምክንያቴ ርኅራኄ አይደለም። ዜሮው የተሰጠው እርሱ ራሱ ደንቡን በጣሰበት ሥራ ላይ ነው፤ በልኩም ነው። ኤፍ ቢሆን ኖሮ ግን በክፍል ውስጥ በራሱ እጅ የሠራቸው ፈተናዎች ሁሉ አብረው ይሰረዙ ነበር፤ መባረር ቢሆን ደግሞ ማንነታቸውም ድርጊታቸውም ያልተጣራ ሰዎች ጥፋት በአንድ የ18 ዓመት ወጣት ዕድሜ ላይ ይጻፍ ነበር። በዚያ ወቅት ውሳኔውን ልል ነው ያሉ እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም፤ የቅጣት ጥብቅነት ከማስረጃው ጥብቅነት ሊበልጥ እንደማይገባው ግን የሚዘነጉ ይመስለኛል።

መምህሩንም ያለ ወቀሳ ማለፍ አልፈልግም። «ለየብቻችሁ ሥሩ» የሚለው ትእዛዝ ለሚያዝዘው ሰው የጠራ ቢመስልም ለሚታዘዘው አይበቃም። ከመጽሐፍ ላይ የተሠራ ምሳሌ ማየት ለየብቻ መሥራት ነው? አስጠኚ ጋ ሄዶ መጠየቅስ? ከመማሪያ ክፍሉ ሲወጡ «አንተ አራተኛውን እንዴት ጀመርከው?» ማለትስ? ሥራው 10 በመቶ ብቻ መያዙ ራሱ ለተማሪው የሚናገረው ነገር አለ፤ ይህ ልምምድ ነው ይላል፣ ልምምድ ደግሞ በጋራ የሚደረግ ነገር ነው። ልምምድን በፈተና ሕግ መምራት የሚቻል ቢሆንም ሕጉን አስቀድሞ ዘርዝሮ መናገር ይጠይቃል።

ሃርቫርድ ውስጥ ዴቪድ ማላን የሚመሩት «ሲኤስ50» የተሰኘው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ለዚህ የሚሆን አንድ ደንብ አለው፤ እርዳታ የሚፈልግ ተማሪ የራሱን ኮድ ለሌሎች ማሳየት ይችላል፣ የሌሎችን ኮድ ግን ማየት አይችልም። ደንቡ መተባበርን አይከለክልም፤ የሚወስነው አቅጣጫውን ነው። ረዳቱ የተረጂውን ሙከራ የግድ ያያል፤ ስለዚህ ያልሞከረ ሰው የሚረዳበት መንገድ የለም። ትምህርቱ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ጨምሯል፤ ደንብ የጣሰ ተማሪ በ72 ሰዓት ውስጥ ራሱ መጥቶ ከተናገረ ቅጣቱ በዚያ ሥራ ነጥብ ላይ ብቻ ይወሰንና ወደ ዲሲፕሊን አካል አይመራም።

የመጀመሪያውን ደንብ ወደ ቶሮንቶው ገጽ ወስደን ብናስበው መግቢያው ላይ ያለው ግብዣ ይገለበጣል። መልስ ያላችሁ ለጥፉ የሚለው ቀርቶ፣ የቆማችሁበትን ስሌት ከነስህተቱ ለጥፉና የሚያውቅ ሰው የተሳሳታችሁበትን መስመር ይጠቁማችሁ የሚል ይሆናል። ያኔ ገጹን የሚከፍት ሌላ ተማሪ የሚያገኘው በሰው ቁጥር የተሠራና መሃል መንገድ ላይ የቆመ ስሌት፣ ከሥሩም «እዚህ ላይ አሃዱን ሳትለውጥ ነው ያባዛኸው» የሚል አንድ መስመር ነው። የራሱን ቁጥር ይዞ ገና ከመጀመሪያው መነሣት ይኖርበታል።